ሰርተፍኬት ሞልቷል፤ ካሴት አምጡ

በዚህ አገር በሶፍትዌር ውድድር የሚሸለመው ሶፍትዌር አይደለም፤ ስላይድ ነው። ያላየ ካለ ነገሩ እንዲህ ነው። የሆቴል አዳራሽ ይያዛል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል። ልጆቹ ሁለት ቀን ሳይተኙ ኮድ ጻፉ ይባላል፤ እውነቱ ግን የሁለተኛው ቀን ግማሽ የሚያልቀው ፓወርፖይንት በማሳመር ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቡድን አምስት ደቂቃ ይሰጠዋል። ዳኞቹ «ገበያው ስንት ነው? ቢዝነስ ሞዴሉ ምንድነው?» ይላሉ። «እስቲ ክፈተውና ልነካካው» ያለ ዳኛ እስካሁን አላጋጠመኝም። ትልቁ የካርቶን ቼክ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል፣ አለቀ። ከስድስት ወር በኋላ አሸናፊውን አፕ ፈልጉት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ኮርሱም ከዚሁ ብዙ አይርቅም። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ተጀመረ። ነፃ ነው፣ በኢንተርኔት ነው፣ የፕሮግራሚንግ መሠረት፣ አንድሮይድና ዳታ ሳይንስ ያስተምራል። ኮርሱን አልጠላም፤ ታናናሾቼን ተመዝገቡ ያልኩት እኔው ነኝ። ጥያቄዬ ቆጠራው ላይ ነው። የምንቆጥረው ሰርተፍኬት ነው። ሰርተፍኬት የሚመሰክረው ደግሞ ቪዲዮውን አይተህ ጥያቄውን መመለስህን ነው፤ ከባዶ ፋይል ተነስተህ አንድ ነገር መጨረስህን አይመሰክርም። መሥሪያ ቤት የጁኒየሮች ሲቪ ይደርሰኛል። ሰባት ሰርተፍኬት የደረደረ አለ። «የጨረስከው ነገር አሳየኝ» ሲባል ግን ዝም።

ስለዚህ ክርክሬ ይሄ ነው። ለወጣት ፕሮግራመር የሚያስፈልገው መጨረስን የሚያስተምር ውድድር ነው። ከማውቃቸው ሁሉ ለዚህ የሚሻለው ደግሞ በ40 ዓመት ማሽን ላይ ትንሽ ጨዋታ አሠርቶ፣ የተሠሩትን በሙሉ በአንድ ካሴት ላይ አትሞ የሚያወጣው ነው። እሱም አዲስ አበባ ሳይሆን አሰላ መጀመር አለበት። ሳቁ፤ ከሳቃችሁ በኋላ ግን አንብቡ።

ማሽኑን ታውቁታላችሁ። ኔንቲዶ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1983 ጃፓን ውስጥ ፋሚኮም ብሎ አወጣው፤ አሜሪካና አውሮፓ ኤንኢኤስ ሆኖ ሄደ። ወደኛ ዓይነቱ አገር የደረሰው በአብዛኛው የቻይና ቅጂው ነው። ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው፣ «9999 በ1» ተብሎ ተጽፎበት ሲከፈት ያው አሥራ ምናምን ጨዋታ ስሙን እየቀያየረ የሚመላለስበት። ማሪዮ፣ ኮንትራ፣ ታንክ። እምቢ ሲል አውጥተን እፍ የምንለውን ፕላስቲክ ካሴት እንለው ነበር፤ የወግ ስሙ ካርትሬጅ ነው። እዚህ ጽሑፍ ላይ ካሴት ይሁን።

በዚህ ማሽን ላይ ዛሬም ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ኔስዴቭ በሚባል ስም የተሰባሰቡት ፕሮግራመሮች እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የኮድ ውድድር አካሂደዋል። የሚገባው የሚሠራ ጨዋታ ነው፤ ፋይሉ ይለቀቃል፣ ማንም አውርዶ ይጫወተዋል። ከውድድሩ የወጡት ጨዋታዎች ተሰብስበው «አክሽን 53» በተባለ ካሴት ታተሙ፤ ተከታታይ ቅጾችም መጡ።

የስሙ ነገር ለኛ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 አክቲቭ ኢንተርፕራይዝስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ «አክሽን 52» የተባለ ካሴት ይዞ መጣ። በአንድ ካሴት 52 ጨዋታ፣ ዋጋው 199 ዶላር። በጥድፊያ የተሠራ ነበር፤ አብዛኛው ጨዋታ በስህተት የተሞላ፣ አንዳንዱ ጭራሽ የማይከፈት። ከሁሉ የሚገርመው ሽልማቱ ነው። «ኡዝ» የተባለውን ጨዋታ እስከ ደረጃ አምስት ላደረሰ 104,000 ዶላር የሚያስገኝ ውድድር ታወጀ። መጀመሪያ በወጣው ካሴት ላይ ግን ጨዋታው ደረጃ ሦስት ላይ ይቆም ነበር። ሽልማት አለ፣ ማስታወቂያ አለ፣ የሚጨረስ ጨዋታ የለም። ይህን ሳነብ የኛ የሆቴል አዳራሽ ነው ትዝ ያለኝ። የኔስዴቭ ልጆች ያንን ስም በቀልድ አንድ ጨምረው 53 አሉት፤ ሥራውን ግን ገለበጡት። ሽልማቱን ትንሽ፣ ሥራውን የሚሠራ አደረጉት።

ካሴት አፕዴት የለውም። ጠቅላላ ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። «በሚቀጥለው ቨርዥን እናስተካክለዋለን» የሚባል ነገር የለም። ቺፑ ላይ ከተጻፈ ተጻፈ። ዛሬ ሁላችንም ያልበሰለ ወጥ አቅርበን ጨው በኋላ የምንጨምር ሠራተኞች ሆነናል፤ ካሴት ያንን አይፈቅድም። ቀኑ ሲደርስ ጨዋታህ ወይ አለ ወይ የለም። የጋራ ካሴት ሲሆን ደግሞ ይሉኝታም ይጨመርበታል፤ አንተ ስትዘገይ የ11 ሰው ሥራ ይቆማል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የኤንኢኤስ ፕሮሰሰር በሰከንድ 1.79 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይመታል። የሥራ ማህደረ ትውስታው 2 ኪሎባይት ነው፤ 2,048 ባይት፣ ከዚህ ውስጥ 256ቱን ስታኩ ይወስደዋል። በአሜሪካው ማሽን በአንድ ፍሬም 29,780 ያህል ዑደት አለህ፤ ስክሪኑን ሳታበላሽ ሥዕል የምትቀይርበት ክፍተት ደግሞ 2,270 ዑደት ገደማ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ በጠቅላላ 40 ኪሎባይት ነው፤ 32ቱ ለኮድና ለደረጃዎቹ፣ 8ቱ ለሥዕል። ማይክሮ ሜጅስ የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2019 በዚያው 40 ኪሎባይት ውስጥ አራት ሰው አብሮ የሚጫወትበት ሆኖ ወጥቷል። አንድ ሴልፊያችሁ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ይሄ ለጨዋታ ንድፍ ምን ማለት እንደሆነ በኛው ጨዋታ እንየው። ገበጣ ቀላል ነው፤ 12 ጉድጓድ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ባይት፣ በ12 ባይት ሙሉ ሰሌዳው ተያዘ። የገና ጨዋታ ልሥራ ካልክ ግን ትጣበቃለህ። ማሽኑ የሚንቀሳቀስ ሥዕል 64 ብቻ ይይዛል፤ ከዚያም በአንድ አግድም መስመር ላይ ከ8 በላይ አያሳይም። አንድ ተጫዋች ሁለት ሥዕል የሚሰፋ ከሆነ፣ አራት ሰው ጎን ለጎን ሲቆም መስመሩ ሞላ። ሩሩን ተከትሎ የመጣው አምስተኛው ልጅ ይጠፋል። ስለዚህ ወይ በየፍሬሙ ተራ እያስያዝክ ታብለጨልጫለህ፣ ወይ ተጫዋች ትቀንሳለህ፣ ወይ ሜዳውን ወደ ላይ ታቆመዋለህ። ይህን ውሳኔ አንዴ የወሰነ ልጅ ኢንጂነሪንግ ምን እንደሆነ ማንም አያስረዳውም፤ ገብቶታል።

የፊደሉ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ የሚጣፍጠው ነው። ማሽኑ የጀርባ ሥዕል የሚሠራው 8 በ8 ፒክስል ከሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ነው፤ በአንድ ጊዜ 256 ካሬ አለህ። የኛ ፊደል 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ነው። ይገባል! ግን ለሜዳው፣ ለዛፉና ለቤቱ 25 ካሬ ብቻ ይቀራል። ዲቃሎቹን እነ ኳና ጓን ገና አልቆጠርንም። ሞክሼዎቹን ሐን፣ ኀን፣ ሠን፣ ዐንና ፀን ብታስቀር 35 ቀንሰህ 196 ላይ ትደርሳለህ፤ ያኔ ደግሞ ስንት ዘመን ሊቃውንትን ያጨቃጨቀው የፊደል ይሻሻል ክርክር ውስጥ ሳታውቀው ገባህ። ጨንና ጬን በ8 ፒክስል ለይቶ መጻፍም ዓይን ያጠፋል። ቁመቱን ወደ 16 ብታሳድገው ለአንድ ፊደል ሁለት ካሬ ይሆንና 462 ይመጣል፤ አይገባም።

መውጫው የት ነው? ፊደሉን እዩት። የበ፣ የባ፣ የቢ፣ የቤ አናት አንድ ነው፤ የሚለየው እግራቸው ነው። አናቱን አንዴ ስለህ እግሩን ብትቀያይር ከፍተኛ ቦታ ይተርፋል። ይህን ሐሳብ እኔ አላመጣሁትም። በኢንጂነር አያና ብሩ ስም የሚታወቀው የአማርኛ ታይፕራይተርም ይሄው ችግር ነበረበት፤ ጥቂት ቁልፍ፣ ብዙ ፊደል። ያን ሁሉ ፊደል በዚያች መኪና ላይ ያስቀመጠውም ፊደሉን ከምልክቱ የመለየት ብልሃት ነው። ከዚያም ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ላይ ቦታ እስኪያገኝ ድረስ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱን መላ ሲመታ ኖረ። ዛሬ ኪቦርዱ ስልካችን ላይ ተጭኖ ስለሚመጣ ያ ሁሉ ልፋት አይታየንም። በካሴቱ ላይ ፊደል የሚያስገባ ልጅ ያንን ታሪክ በእጁ ይደግመዋል። በአፋን ኦሮሞ ለሚሠራው ደግሞ ቁቤ 26 የላቲን ፊደላት ይዞ በሰላም ይገባል፤ የአሰላ ልጅ ሁለቱንም ቋንቋ በአንድ ጨዋታ አስገብቶ የቱ ስንት ባይት እንደሚበላ ማወዳደር ይችላል። ይህን የትኛው ኮርስ ያስተምራል?

ለምን አሰላ? አሰላ ሲባል ወዲያው ሩጫ ይመጣል። ኃይሌ ገብረሥላሴ አሰላ፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በቆጂ። ሰው ሁሉ «ከፍታው ነው» ብሎ ያልፈዋል። በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እውነት ነው። ግን ከፍታ ያለው አገር ብዙ ነው። በቆጂ ያላት አሠልጣኝ ሰንታየሁ እሸቱን የመሰለ በየማለዳው ሜዳ ላይ የሚገኝ ሰውና ስላይድ የማይሰማ ሰዓት ነው። ሯጭ «ራእዬ ይህ ነው» ብሎ ሜዳሊያ አይወስድም፤ መስመሩን ማለፍ አለበት። ጫማ የሌለውም ሰዓቱ ያው ይቆጥርለታል።

ሩጫው ከሰለቻችሁ ስንዴውን እዩ። አሰላ አጠገብ ቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። አዲስ የስንዴ ዝርያ እዚያ በንግግር አያልፍም። ይዘራል፣ ዋግ ይፈተንበታል፣ ይታጨዳል፣ ይመዘናል። ካዱ ብለን የምናውቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክትም እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ ሲጀመር የተሞከረው እዚሁ አርሲ መሬት ላይ ነው። አርሲ መሞከሪያ መሆን አያፍርም። የአርሲ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ተማሪ አለ፤ ክረምቱ ረጅም፣ ዝናቡ ብዙ፣ ብርዱ ከቤት የማያስወጣ። ኮድ ለመጻፍ ከዚህ የተሻለ የአየር ንብረት አታገኙም።

«የገጠር ልጅ ምን ያውቃል» ለሚለኝ አንድ ታሪክ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት ታብሌት ያለ አስተማሪ ሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው፣ ልጆቹ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ የተቆለፈውን አልፈው የስክሪኑን ገጽታ ቀያየሩ፤ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራም አስነሱ። ዓለም በአድናቆት አወራው። እኔን የሚያናድደኝ ወሬው ቀርቶ ቀጣዩ እርምጃ አለመምጣቱ ነው። ቁልፉን የከፈተ ልጅ ቀጥሎ የሚሠራው ነገር ይፈልጋል።

አሁን ተቃውሞዎቹ። ጠንካራው «ለምን አንድሮይድ አይሆንም?» ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ቅኔ ጌምስ ኩኩሉንና ገበጣን ለስልክ ሠርቶ አሳይቷል፤ ኮፍያዬን አነሳለታለሁ። ግን እሱ ኩባንያ ነው። ከኩባንያው በፊት የሚመጡት አሥር ትንንሽ፣ አስቀያሚ፣ ግን ያለቁ ጨዋታዎች የት ይሠሩ? ለአንድሮይድ ስትሠራ መሣሪያው ራሱ ጊጋባይቶች ነው፤ የዳታ ጥቅሉን ማን ይክፈል? ላፕቶፑ ደካማ ከሆነ ኤሚዩሌተሩ አይነሳም። ውድድሩ የሚጀምረው ገና ሳይጀመር፣ ማን ጥሩ ላፕቶፕ አለው በሚለው ላይ ነው። ለኤንኢኤስ የሚያስፈልገው ሲሲ65 የሚባለው ኮምፓይለር፣ ሜሰን ወይም ኤፍሲኢዩኤክስ የሚባለው ኤሚዩሌተር፣ ለሙዚቃ ፋሚትራከር ነው። ሁሉም ነፃ፣ ሁሉም ትንሽ፣ በአሮጌ ላፕቶፕ የሚሠሩ። ያለቀው ጨዋታ 40 ኪሎባይት ስለሆነ ኔትወርክ በተልፈሰፈሰበት ቀን እንኳ በቴሌግራም ይሄዳል። በባዶ እግር የሚሮጥበት ሜዳ ይሄ ነው።

ሁለተኛው «ሥራ አይገኝበትም» ነው። አዎ፣ ማንም የ6502 አሴምብሊ ፕሮግራመር ፈልጎ ማስታወቂያ አያወጣም። ነገር ግን በ2 ኪሎባይት ውስጥ የኖረ ልጅ ፖይንተር ምን እንደሆነ፣ ማህደረ ትውስታ ለምን እንደሚያልቅ፣ አንድ ሉፕ ስንት እንደሚያስከፍል ያውቃል። ያንን ዕውቀት የባንክ ሲስተም ላይም፣ የውኃ ቆጣሪ ላይም ይዞት ይሄዳል። ከዚህም የጨዋታ ሥራ የወጣበት ጊዜ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የኔስዴቭ ውድድር የገባው ትዊን ድራጎንስ በኋላ አድጎ ሙሉ ጨዋታ ሆኖ በካሴት ተሸጧል።

ሦስተኛው «ኤአይ ይጽፈው የለም እንዴ?» ነው። ይጻፈዋ! ሲጽፈው በ40 ኪሎባይት ይግባ፣ በእውነተኛው ማሽን ይነሳ፣ የ12 ዓመት ልጅ ይጫወተውና «ድገመኝ» ይበል። ከዚያ እናወራለን። አራተኛው የወላጆች ነው፤ «ጨዋታ ነው እንዴ የምትማረው?» አዎ እማዬ፣ ጨዋታ ነው። ገበጣም ሒሳብ ነበር።

ስለዚህ ሐሳቤን እንደ ደንብ ላስቀምጥ፤ የሚያወድም የሚያሻሽልም ካለ እሰየው። ሐምሌ 1 ተጀምሮ መስከረም 30 ይዘጋል። ቡድን ከሦስት ሰው አይበልጥም፤ አንድ ኮድ፣ አንድ ሥዕል፣ አንድ ሙዚቃ። ወሰኑ 40 ኪሎባይት ነው። ጨዋታው በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ መናገር አለበት። ኮዱ ክፍት ይሆናል፤ ቀጣዩ ዓመት የሚመጣው ልጅ ከዜሮ አይጀምርም። ካሴት ላይ ለመታተም ሠሪው በጽሑፍ ይፈቅዳል፤ መብቱ የራሱ እንደሆነ ይቀራል።

ዳኞቹ የአሰላ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። መቆጣጠሪያው ይሰጣቸዋል። ሠሪው አጠገባቸው ይቆማል፣ ግን አንዲት ቃል መናገር ክልክል ነው። ልጁ ምን መጫን እንዳለበት ካልገባው የጨዋታው ጥፋት ነው። ከዚህ የከበደ ፈተና አላውቅም፤ የትኛውም ኢንቨስተር ያን ያህል ጨካኝ አይደለም።

ፈተናው በእውነተኛ ማሽን ላይ ይሁን። እዚህ ያለው ቴሌቪዥን ፓል ስለሆነ ብዙዎቹ ቅጂዎች በሰከንድ 60 ሳይሆን 50 ፍሬም ነው የሚያሳዩት። ኤሚዩሌተር ላይ በ60 የተስተካከለ ሙዚቃ እዚያ ላይ ይጎተታል፣ ዝላዩም ይከብዳል። ይህን ማወቅ የሚቻለው ሰክቶ በማየት ብቻ ነው።

ካሴቱስ? 512 ኪሎባይት ቺፕ ውሰዱ። 12 ጨዋታ በ40፣ 480 ይሆናል። የቀረው 32 ኪሎባይት ለማውጫው፣ ለሠሪዎቹ ስምና ለመመሪያው ይበቃል። ጨዋታዎቹን አንድ ቺፕ ላይ አስቀምጦ ከማውጫ መቀያየር የራሱ የሃርድዌር ጣጣ አለው፤ የአክሽን 53 ሰዎች ለዚህ ብለው የራሳቸውን የካሴት ወረዳ ቀርጸው አሰራሩን በይፋ አውጥተዋል፤ እሱን ማጥናት ነው። ርካሾቹ የቻይና ካሴቶች ውስጣቸው በጥቁር ሙጫ የተደፈነ ስለሆነ እንደገና አይጻፍባቸውም፤ ፕላስቲክ ቅርፊታቸው ግን ያገለግላል። ቦርዱና ቺፑ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ዶላርም ጉምሩክም አለበት። ለዚህ ነው ብዛቱ ትንሽ መሆን ያለበት። ሠላሳ ካሴት ይበቃል። ለየቡድኑ አንድ አንድ፣ የቀረው ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት። ካልተሳካም ፋይሉ አለ፣ ጨዋታዎቹ አልቀዋል፣ ዓላማው ተሟልቷል።

ሽልማቱም ያው ካሴቱ ነው። ቼክ የለም። ስምህ ማውጫው ላይ በፊደልህ ተጽፎ፣ ልጅ ሰክቶ ሲያበራው የሚታይ። ሰርተፍኬት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ይሄኛው ይጫወቱበታል።

የሆቴል አዳራሹን ለሚከራዩት ድርጅቶችም አንድ ቃል። ባነሩ የሚፈጀው ገንዘብ ለቺፕ ይበቃል። አንድ ክረምት ብቻ ሞክሩት። የአሰላ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወይም አንድ የትምህርት ቤት ክፍል፣ ሁለት አሮጌ ቴሌቪዥን፣ አራት መቆጣጠሪያ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትዕግሥት። ሌላ ምንም አያስፈልግም። ስላይድ ይዞ የመጣ ከበር ይመለስ።